አንድ ዓመት ለሞላው ሰው ምን ይሰጠዋል?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ልደት ተጠርቼ ሄድኩ። ባለ ልደቱ አንድ ዓመቱ ነው። አባቱ የቀድሞ ተማሪዬ ሲሆን፣ ስልክ ደውሎ «መምህር፣ እርስዎ ካልመጡ ኬኩ አይቆረስም» ሲለኝ እምቢ ለማለት አቅም አጣሁ። (ተማሪ መምህሩን የሚያከብረው መቼም ከተመረቀ በኋላ ነው። ይኸው ልጅ ያኔ ትምህርቱን ሳልጨርስ ነበር ከክፍል የሚወጣው።)

የተከራዩት የሆቴል አዳራሽ ነው። ፊኛው ከወለል እስከ ጣሪያ ተሰቅሏል፤ የልጁ ፎቶ ከእኔ ቁመት በልጦ በሩ ላይ ቆሟል፤ ኬኩ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ዲጄ አለ፤ መድረክ መሪ አለ፤ ሁለት ቪዲዮ አንሺዎች አሉ። ባለ ልደቱ ሙሉ ሱፍ ከነክራባቱ ለብሶ ክራባቱን ይበላል። ሙዚቃው ሲለቀቅ ደንግጦ አለቀሰ፤ አልቅሶ ሲደክመው ተኛ፤ ኬኩ ሊቆረስ ሲል ደግሞ ለፎቶው ሲባል ተቀሰቀሰ። ያን ጊዜ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። «እርስዎ እንኳ አንድ ነገር አይሉም?» የሚል ይመስል ነበር።

የደረሰኝ ወንበር ከስጦታው ጠረጴዛ አጠገብ ስለነበር ሳልወድ ሁሉንም አየሁት። ከትልቁ ልጀምር። በባትሪ የሚሄድ ቀይ መኪና ነው፤ ልጅ ገብቶ የሚነዳው ዓይነት። ካርቶኑ ላይ ዕድሜው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ እንደሆነ ተጽፏል። ባለ ልደቱ ገና ሶፋ ተደግፎ ነው የሚቆመው። ታብሌትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የአንድ ዓመት ልጅ ስክሪን ፊት መቀመጡን አይመክርም፤ ታብሌቱ ግን በወርቃማ ወረቀት ተጠቅልሎ መጥቷል። ሲጫኑት የሚዘፍን ድብም ነበር። እሱን አንስቼ ከጀርባው አየሁት፤ የባትሪው ክዳን በጥፍር የሚከፈት ነው። እነዚያ እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ የሆኑ ትንንሽ ባትሪዎች ልጅ ከዋጣቸው በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ የምግብ ቧንቧውን ክፉኛ ሊያቃጥሉት ይችላሉ። የልጁን እናት ጠጋ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት። ስለ ስጦታ ትርጉም ከመፈላሰፋችን በፊት ክዳኑ በብሎን የታሰረ መሆኑን ብናይ ሳይሻል አይቀርም።

የቀረው ጫማ፣ ልብስ፣ የወርቅ ሐብልና ኤንቨሎፕ ነው። የእኔም ኤንቨሎፕ እዚያው መሐል ነበረች፤ ብር ጨምሬ፣ ስሜን በጉልህ ጽፌባት። እንግዲህ የምናገረው ከተከሳሾቹ ወንበር ሆኜ ነው።

ጥግ ላይ የልጁ አክስት ደብተር ይዛ ማን ምን እንዳመጣ ትመዘግባለች። ብድር በምድር ነው፤ ነገ የእነሱም ልጅ ልደት ይመጣል። ይሄ ነውር አይደለም። በሠርግም በለቅሶም አንዳችን ለአንዳችን እየመዘገብን ነው የኖርነው። ብቻ ልጁ የለበትም። ስሙ ካርዱ ላይ ተጻፈ እንጂ ሂሳቡ የወላጆችና የወላጆች ነው።

እሱ ራሱ ከዚያ ሁሉ ያገኘው የመኪናውን ካርቶን ነው። መኪናው ሲወጣ ካርቶኑ ተጣለ፤ በአራት እግሩ ድኾ ሄደና ደረሰበት። ክራባቱን ፈትተውለት ነበርና እሷን ካርቶኑ ውስጥ ከተታት፤ አወጣት፤ መልሶ ከተታት። ያን ቀን የሳቀው ያኔ ብቻ ነው። ቪዲዮ አንሺዎቹ እራት ላይ ነበሩ።

ነገሩን በዚሁ በረሳሁት ነበር፤ ግን በሳምንቱ ልጄ ደወለች።

ልጄ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወንድ ልጅ አላት። አንድ ዓመት ሊሞላው ያኔ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። የልጅ ልጄን በአካል አይቼው አላውቅም፤ የምንተዋወቀው በስልክ ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም ስልኩን ሲልሰው ግንባሬን ላሰኝ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ላክለት» አለችኝ። «ግን ልብስና መጫወቻ እንዳይሆን፤ ቤቱ ሞልቷል። ትርጉም ያለው ነገር።»

ይህቺን «ትርጉም» የምትባል ቃል ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምራት ኖሬአለሁ። በእኛ ቋንቋ ሁለት ሥራ አላት። የነገር ፍቺም ናት፣ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ መመለስም ናት። የልጄ ባል ጋናዊ ነው፤ እጅግ ጨዋ ሰው ነው፤ በቤታቸው የሚነገረው ግን እንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ እኔ የምልከው ነገር በመጀመሪያው በኩል ትርጉም ቢኖረውም፣ ልጁ ጋ የሚደርሰው በሁለተኛው በኩል ነው፤ በአስተርጓሚ። ይሄን ሳስበው ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። እሷም «አባዬ፣ ኔትወርኩ ጠፋ መሰለኝ» አለች።

አባቶቻችን ለመጀመሪያ ልደት ምን ይሰጡ ነበር? ምንም። ልደት የሚባለው ነገር ለብዙዎቻችን ቤት እንግዳ ነው። በክርስቲያኑ ቤት ድግሱ ክርስትና ነው፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን፤ ማተብ ይታሰራል፣ ስም ይወጣል። ዓመቱ ሲዞር ቁጭ ብሎ የሚቆጥር አልነበረም። የእናቴን የልደት ቀን እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ «የጣሊያን መውጫ ላይ» ነው ያለችኝ። የእኔን አባቴ ጽፎታል። ከዳዊቱ መጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ፣ የአንዲት ላም መጥፋትና የአንድ አጎቴ ሞት ከተመዘገበበት ሥር፣ የእኔ መወለድ በአንድ መስመር ሰፍሯል። መንግሥት የወሳኝ ኩነት ምዝገባን በአገር ደረጃ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ እንደሆነ ሳስብ፣ ያቺ መስመር ቀላል ስጦታ አትመስለኝም።

ደግሞስ አንድ ዓመትን ለማክበር መጀመሪያ ልጁ ዓመቱን ይደርሳል ብሎ መተማመን ያስፈልጋል። በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 97ቱ አንደኛ ዓመታቸውን አያዩም ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ወደ 48 ወርዷል። ከዚያ በፊት የነበረውን ደግሞ ስማችን ይናገራል። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ፣ ይርሳው፣ ተካ። የክፍል ስም ዝርዝር ስጠራ ብዙ ጊዜ ከአንድ ስም ጀርባ ሌላ፣ ስም ሳይቆይለት የሄደ ልጅ ይታየኝ ነበር። እንዲህ ባለ አገር እናት ልጇን በአደባባይ አትቆጥርም፤ የዳነውንም ጉያዋ ውስጥ ትደብቀዋለች እንጂ ፎቶውን በር ላይ አታቆምም። ስለዚህ የዛሬዎቹ ወጣት ወላጆች ሲደግሱ ሳይ «የፈረንጅ ነገር» ብዬ ለመፍረድ ይከብደኛል። አንድ ዓመት ደርሶ መቆም በእውነት ሊከበር የሚገባው ነገር ነው።

የሚያከብሩት ፈረንጆች ብቻም አይደሉም። ቃኘው ሻለቃ የዘመተባት ኮሪያ ትልቁ የልጅ በዓል የመጀመሪያው ልደት ነው፤ «ዶል» ይሉታል። ምክንያቱም ያው እንደኛው ነው፤ ድሮ ብዙ ሕፃን ዓመቱን አይደርስም ነበር። ልጁን ጠረጴዛ ፊት ያስቀምጡትና ክር፣ ብሩሽ፣ ገንዘብ፣ መጽሐፍ ይደረድሩለታል፤ ያነሳው ነገር ዕጣው ነው ይላሉ። ክር ያነሳ ዕድሜው ይረዝማል። የእኔን ቀልብ የሳበው ግን ወርቁ ነው። ዘመድ አዝማድ ለሕፃኑ የሚያመጣው ትንሽ የወርቅ ቀለበት አለ፤ የተለመደው ክብደቱ 3.75 ግራም ነው። ቀለበቱ የሚደረግ ሳይሆን የሚቀመጥ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አገሪቱ በዕዳ ስትያዝ ሕዝቡ ወርቁን ሰብስብ ተባለና ሰዉ ተሰልፎ የጋብቻ ቀለበቱን፣ የልጆቹን የአንድ ዓመት ቀለበት ሳይቀር ይዞ ወጣ። 227 ቶን ያህል ወርቅ ተሰበሰበ። ለሕፃን የተሰጠ ነገር አገር ሲቸገር ተፈልጎ የሚገኝበት ቦታ ላይ ነበር ማለት ነው። በዚያ ሆቴል ጠረጴዛ ላይ ካየሁት ሁሉ ከአሥር ዓመት በኋላ ተፈልጎ የሚገኝ ምን ነበር? ሐብሏ ምናልባት።

ራቅ ብለን ኮሪያ ሄድን እንጂ እዚሁ በእጃችን የበለጠ አለ። በኦሮሞ ባህል «ሀንዱራ» የሚባል ስጦታ አለ። ቃሉ እምብርት ማለት ነው። ልጅ ሲወለድ ወላጅ ከብት ይሰጠዋል፤ ጊደር ከሆነች የምትወልደውም የልጁ ነው። ልጁ በእግሩ ሲሄድ ጊደሯ ላም ሆናለች፤ ከብት የሚጠብቅበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ የራሱ የሆኑ ጥጆች ይጠብቃል። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ስጦታው ከልጁ ጋር እኩል ያድጋላ! ደግሞም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይታለባል፣ ይታመማል፣ ውኃ ይወርዳል። ልጁ የተሰጠውን ነገር እየጠበቀ ነው ሰው የሚሆነው።

ጊደር ሲልቨር ስፕሪንግ አይላክም። ከተሜው በምትኩ ያገኘው የባንክ ደብተር ነው። ባንኮቻችን ለሕፃናት የቁጠባ ሂሳብ ይከፍታሉ፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ሂሳቡን ግን እንየው። በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት ለሕፃን 1,000 ብር ያስቀመጠ አጎት በዓመቱ 1,070 ብር አገኘለት፤ ያን ጊዜ በ1,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ደግሞ ከ1,300 ብር አልፏል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንዲህ ያለች ጊደር በየዓመቱ እግር እግሯን እየተቆረጠች ነው የምታድገው።

አሁን አሁን ደግሞ ሌላ መጥቷል። «አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላህ የምትከፍተው ደብዳቤ» ይሉታል። እንግዳው ሁሉ ወረቀት ይታደለውና ለሕፃኑ ምክር ይጽፋል፤ ሳጥን ውስጥ ይታሸጋል። አንዱ ላይ እኔም ጽፌአለሁ። ምን እንደጻፍኩ ልንገራችሁ፤ «ትምህርትህን ጠንክረህ ተማር።» አሥራ ስምንት ዓመት ጠብቆ ይህን የሚያነብ ልጅ ያሳዝነኛል። ነገሩ ትርጉም ያለው እንዲመስል ነው የተደረገው፤ መኪናውም ውድ እንዲመስል እንደተገዛው። ሁለቱም ከእንግዳው ዓይን ነው የተቆረጡት።

ለልጅ ልጄ መጀመሪያ ያሰብኩት መጽሐፍ ነበር፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ። የሳን ፍራንሲስኮው ቤተ መጻሕፍት ባልደረባ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ለሕፃናት የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ፈልገው ቢያጡ፣ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አድርገው በ2002 እ.ኤ.አ. ማሳተማቸውን አውቃለሁ። እንዲህ ባለ ሁለት ቋንቋ መጽሐፍ ለእኛ ቤት የተሠራ ነው። ገዛሁም፤ አንድ ሳይሆን አራት የተረት መጽሐፍ። ማታ ለልጄ ደውዬ ነገርኳት።

«ጥሩ ነው አባዬ» አለች። አባባሏ ገባኝ። ማን ያነብለታል ማለቷ ነው። እሷ ከሥራ የምትገባው ሲመሽ ነው።

«እኔ በስልክ አነብለታለሁ» አልኩ።

ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፤ «ለመሆኑ ለእኔ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ምን ሰጥተኸኝ ነበር?»

አላስታወስኩም። እሷ ማስታወስ አትችልም፤ አብዛኛው ሰው ከሦስት ዓመት ተኩል ገደማ በፊት የሆነበትን ነገር አያስታውስም። የእኔ ግን ምን ይባላል? ስልኩን ዘግቼ አልበም አወጣሁ። 1990 ዓ.ም. ነው። ትንሽ ኬክ፣ አንዲት ሻማ፣ ባለቤቴ፣ ጎረቤቶች፣ ጠረጴዛው ላይ ቢጫ ጸጉር ያላት ትልቅ የፕላስቲክ አሻንጉሊት። እኔ ፎቶው ውስጥ የለሁም። የማታ ክፍል ነበረኝ፤ ተጨማሪ ክፍያ ያለው። አሻንጉሊቷን የገዛሁት በዚያው ክፍያ ነው። ስለዚህ ልጄ በመጀመሪያ ልደቷ ከእኔ ያገኘችው የእኔን አለመኖርና በአለመኖሬ የተገዛች አሻንጉሊት ነው። አሻንጉሊቷ በወሩ እጇ ወለቀ።

በማግስቱ ለልጄ እውነቱን ነገርኳት። «አይ አባዬ፣ እሷንማ ማን ያስታውሳታል» አለችና ተነስታ ሄደች። ስትመለስ ስልኩ ፊት አንድ ነገር አቆመች። «ይቺ ግን ይኸውልህ።»

ሙዳይ ናት። ከጡጫ ብዙ የማትበልጥ፣ ክዳን ያላት፣ አለላዋ ደብዝዞ ቀዩ ወደ ቡና የሄደ። እናቴ ናት የሰፋቻት። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ መጥታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣቻት ለዚያው ልደት ነው። ሙዳይዋን ሳያት ያን ቀን ጠዋት ያደረግሁት ነገር ትዝ አለኝ። ጎረቤቶቻችን የሚመጡ ስለነበር፣ ሙዳይዋን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ቁምሳጥን ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ለአሻንጉሊቷ ቦታ ለመልቀቅ። እናቴ አይታኛለች። ምንም አላለችም። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቃላዊ ሥነ ጽሑፍ የማስተምር፣ ተማሪዎቼን «ወደ ገጠር ሂዱ፣ ከእናቶች ቃል ሰብስቡ» እያልኩ የምልክ ወጣት ሰው ነበርኩ። እናንተዬ፣ የራሴን እናት ሥራ ግን ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባት። እናቴ ካረፈች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ይቅርታ የምጠይቃት የለችም።

ልጄ ያን ነገር አታውቅም። ለእሷ የነገረቻት አያቷ ራሷ ናት፤ አደግ ስትል ክረምት ክረምት እየሄደች። ስንደዶው ከየት እንደተለቀመ፣ አክርማው ስንት ቀን እንደተነከረ፣ ክዳኑ አልገጥም ብሎ ሁለት ጊዜ እንደተፈታ። መጀመሪያ አዝራር ታስቀምጥባት ነበር፤ ቀጥሎ የወደቀ ጥርሷን፤ ቀጥሎ የትምህርት ቤት የደብዳቤ ወረቀቶች፤ (የማን ደብዳቤ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም)። አሜሪካ ስትሄድ በእጅ ሻንጣዋ ያዘቻት። አሁን ውስጧ ያለው ልጇ ሲወለድ ሆስፒታል እጁ ላይ ያሰሩለት ስም የተጻፈበት አምባር ነው።

ስታሳየኝ ልጁ አጠገቧ ነበር። ሙዳይዋን ቀማትና ክዳኗን አነሳ። አምባሩን አወጣ። መልሶ ከተተ። አወጣ። የዚያ የሆቴሉ ልጅ ካርቶን ትዝ አለኝ። በዚያ ዕድሜ የዓለም ሥራቸው ይሄው ነው፤ መክተትና ማውጣት። እናቴ ይሄን የሕፃናት ሥነ ልቡና አንብባ አይደለም ያወቀችው፤ ሰባት ልጅ አሳድጋ ነው። ሙዳይዋን ባዶዋን የሰጠቻት አውቃ ይመስለኛል። እኔ ለዚያ ልጅ አሻንጉሊቷን የገዛሁላት ሙሉ አድርጌ ነው፤ ጸጉር አላት፣ ቀሚስ አላት፣ ፈገግታ ሳይቀር ተቀብቶላታል። የሚጨመርባት አልነበረም። እጇ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱም ወለቀ።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ከሽሮ ሜዳ ወይ ከመርካቶ አንዷን ገዝተህ ላክ» ትሉ ይሆናል። ሄጄ አይቻለሁ። ቆንጆ ቆንጆ አለ፤ በሚያብረቀርቅ ክር የተሰፋ፣ የአገር ስም የተጻፈበት። አንዱን አንስቼ ማን ሰፋው ብል ሻጩ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ ያ ጥያቄ የገበያ ጥያቄ አይደለም። እኔ ግን ልጁ አንድ ቀን በየትኛውም ቋንቋ «ማን ሠራው?» ቢል መልስ እንዲኖረው ነበር የፈለግሁት።

ታላቅ እህቴ ኮተቤ ነው የምትኖረው፤ የእናቴን እጅ የወረሰችው እሷ ናት። ሄጄ ስፌት አስተምሪኝ ስላት መጀመሪያ ያመመኝ መሰላት። «ወንድምዓለም፣ ደህና ነህ? እኔ ልስፋልህ እንጂ» አለች። እምቢ አልኩ። እንግዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ እሷ በረንዳ ላይ ነኝ። ወስፌው ጣቴን ወግቶ ጨርሶታል። አክርማ ሳይርስ እንደሚሰበር፣ ከመጠን በላይ ከራሰ ደግሞ እንደሚላላ አሁን ነው ያወቅሁት፤ ለአንዲት ዙር ስንት ጊዜ እንደሚወጋ ቆጥሬ መሐል ላይ ጠፋብኝ። የጎረቤት ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው «ጋሼ ሙዳይ ይሰፋሉ» እያሉ ይስቃሉ። እህቴ ሦስት ጊዜ አስፈትታኛለች፤ በአራተኛው ዝም አለች። መቀመጫዋ ትንሽ ያዘነብላል። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጣት እንደ ሰከረ ሰው አንድ ጊዜ ወዲህ ትልና ነው የምትቆመው።

ልደቱ ትናንት ነበር። በስልክ ዘፈንን፤ ልጁ ኬኩን በሁለት እጁ ያዘው። ልጄ «ስጦታውስ?» ስትለኝ «በመንገድ ላይ ነው» አልኳት፤ ውሸቴን አይደለም። መንገደኛዋ ሐሙስ ሌሊት ትሄዳለች፤ ሻንጣዋ በበርበሬና በሽሮ ሞልቶ 23 ኪሎውን አልፏል፤ ነገር ግን ጡጫ የምታህል ነገር በእጄ እይዛለሁ ብላኛለች። ክዳኗ ገና አልተጀመረም። ዛሬ ሰኞ ነው።